ቀን የተቆረጠለት ሕግ፦ የሥራ አጥ ክፍያ ታሪክ ከአሽቀሎን ሲታይ

የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጊዜው 2003 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እዚህ እስራኤል እንደምንቆጥረው ናቸው።) አባቴ ከአሽቀሎን ወጣ ብሎ በሚገኝ ሞሻቭ፣ አትክልት በሚታሸግበት ቦታ፣ በካብላን በኩል ተቀጥሮ ስምንት ወር ሠራ። ወቅቱ ሲያልፍ ሥራው ቆመ። ሊሽካ ሄዶ ተመዘገበ፣ ቅጽ ተሞላለት፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከቢቱአህ ሌኡሚ ደብዳቤ መጣ። እንደ ብዙዎቻችሁ ቤት፣ በእኛም ቤት ደብዳቤ የሚያነበው ልጅ ነበር።

ደብዳቤው ላይ «ሙቭታል» የሚል ቃል አለ። ዕብራይስጡን አውቀዋለሁ፣ አማርኛው ግን አልመጣልኝም። ትንሽ አሰብኩና «አባ፣ ሥራ ፈት ነህ ነው የሚለው» አልኩት። አባቴ ደብዳቤውን ከእጄ ወሰደና ማንበብ የማይችለውን ጽሑፍ ትኩር ብሎ አየው። «እኔ ነኝ ሥራ ፈት? ከሌሊቱ አስር ሰዓት የምነሳው እኔ?» አለ። እናቴ ከወጥ ቤት ሆና «ሥራ አጥ ማለቱ ነው፤ ልጅ አይደል፣ ተወው» አለችው።

ልዩነቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። በአማርኛ «ሥራ ፈት» ስድብ ነው፤ እጁን አጣጥፎ የሚውል፣ ወሬ የሚያመላልስ ሰው ማለት ነው። «ሥራ አጥ» ግን ፈልጎ ያጣ ነው። የዕብራይስጡ «ሙቭታል» ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ግሡ ተደራጊ ነው፤ ሥራ የፈታ ሳይሆን ሥራ እንዲፈታ የተደረገ ሰው ማለት ነው። ቃሉ ራሱ «ማን አደረገው?» ብሎ ያስጠይቃል።

ደብዳቤው ባጭሩ የሚለው «የሠራህበት ቀን ስለማይበቃ ክፍያ አይገባህም» ነው። ስህተት አልነበረበትም፤ በጊዜው በነበረው ሕግ መሠረት ልክ ነበር። አባቴ «ዕድሌ ነው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እኔም ለብዙ ዓመት ዕድል ነው ብዬ ኖርኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለአንድ የሴሚናር ሥራ የሕጉን ታሪክ ስከታተል ግን፣ አባቴን ከክፍያው ያስቀረው ቁጥር ያኔ የአንድ ዓመት ዕድሜ ብቻ እንደነበረው አየሁ። ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ ይከፈለው ነበር። ስለዚህ ዕድል አልነበረም። ቁጥር ነበር፤ ሰዎች ቁጭ ብለው የጻፉት ቁጥር። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን ማን እንደሚጽፍ፣ ማን እንደሚያራዝምና መቼ እንደሚያልቁ ነው።

ዋስትናው እንዴት ተጀመረ

የቢቱአህ ሌኡሚ ሕግ በክኔሴት የጸደቀው በ1953 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በኤፕሪል 1954 ነው። በዚያን ጊዜ የሥራ ሚኒስትር ጎልዳ ሜየር ነበሩ። የመጀመሪያው ሕግ የእርጅና ጡረታን፣ የሟች ቤተሰብን፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትንና የወሊድ ክፍያን ያካትት ነበር። ሥራ ማጣት ግን አልገባበትም። በዚያ ዘመን እንደ አሽቀሎን ባሉ አዳዲስ ከተሞች የሰፈሩ ስደተኞች ሥራ ሲያጡ የሚሰጣቸው ክፍያ ሳይሆን «አቮዶት ዳሐክ» የሚባል ጊዜያዊ ሥራ ነበር፤ ዛፍ መትከል፣ መንገድ መሥራት፣ ድንጋይ መልቀም፣ ያውም በወር ለተወሰኑ ቀናት። ከጀርባው ያለው ሐሳብ «ሰው ሳይሠራ ገንዘብ ከለመደ ይበላሻል» የሚል ነበር። ይህን ክርክር ያዙልኝ፤ ስሙን እየቀየረ ይመለሳል።

በ1966 እና በ1967 ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ፣ ዕብራይስጡ «ሚቱን» በሚለው ጊዜ፣ ከአስር ሠራተኛ አንድ ያህሉ ሥራ አጣ። የሥራ አጥ ዋስትናው ግን በዚያ ጭንቅ ውስጥ አልወጣም። ሕጉ የጸደቀው በ1972 ነው፤ የተጀመረውም በጃንዋሪ 1 ቀን 1973፣ በአገሪቱ ሥራ ሞልቶ በነበረ ጊዜ ነው። ምክንያቱ ብዙ የሚከብድ አይመስለኝም፤ ጠያቂው ጥቂት በሆነበት ጊዜ ዋስትና መስጠት ርካሽ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ድሜይ አቭታላ፣ ማለትም የሥራ አጥ ክፍያ፣ ምጽዋት አይደለም። ትሉሻችሁን ብታዩት በየወሩ ለቢቱአህ ሌኡሚ የሚቆረጥ ገንዘብ አለ፤ ክፍያው የሚመጣው ከዚያ ዓይነት መዋጮ ነው። ገቢ ለሌለው ሰው የሚሰጠው «ሀቭታሐት ሀክናሳ» ሌላ ሕግ ነው፤ በ1980 ወጥቶ በ1982 የተጀመረ። በእኛ ቤት ግን ሁለቱም «የቢቱአህ ገንዘብ» ነበሩ። በዘመቻ ሙሴም ሆነ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ለመጣ ሰው፣ የራሱ መብትና የመንግሥት ችሮታ በአንድ ስም ሲጠሩ፣ ሁለቱንም አንገቱን ደፍቶ ነው የሚጠይቃቸው።

በሩና ማለቂያው

በሕጉ ውስጥ ሁለት ዋና ቁጥሮች አሉ። አንደኛው መግቢያው በር ነው፦ ክፍያ ለማግኘት ስንት ጊዜ መሥራት አለብህ? ሁለተኛው ማለቂያው ነው፦ ቢበዛ ለስንት ቀን ይከፈልሃል?

ከማለቂያው ልጀምር፤ እናንተን የሚነካው እሱ ነውና። ሦስት ጥገኛ ለሌለው ሰው፣ ዕድሜው ከ25 በታች ከሆነ ቢበዛ 50 ቀን ነው። ከ25 እስከ 28 ከሆነ 67፣ ከ28 እስከ 35 ከሆነ 100፣ ከ35 እስከ 45 ከሆነ 138፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 175። ዕድሜው ከ45 በታች ሆኖ ሦስትና ከዚያ በላይ ጥገኛ ያለው ሰው ከፍ ያለ ቀን ያገኛል። የሙሉ ወር ክፍያ በ25 ቀን ስለሚቆጠር፣ 175 ቀን ሰባት ወር ነው፤ 50 ቀን ደግሞ ሁለት ወር። ለወጣቶች ቀኑ እንዲህ ያጠረው በ2000ዎቹ ዓመታት በተደረጉ ማሻሻያዎች ነው።

አሁን ወደ በሩ። እስከ 2002 ድረስ በወር ደመወዝ ለሚሠራ ሰው ካለፉት 360 ቀናት ውስጥ 180 ቀን መሥራት ይበቃ ነበር። በ2002 ሁለተኛው ኢንቲፋዳ ኢኮኖሚውን ጎድቶ፣ የመንግሥት በጀት ጎድሎ ሳለ፣ ክኔሴት የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ዕቅድ ሕግ አጸደቀ። በዚያ ሕግ በሩ ካለፉት 540 ቀናት ውስጥ 360 ቀን ሆነ። አባቴ ስምንት ወር፣ 240 ቀን ግድም፣ ሠርቷል። ከዚያ በፊት እናቴ ታማ ስለነበር ቤት ነበር። በድሮው በር ይገባል፣ በአዲሱ አይገባም። ካብላን ጋ በየወቅቱ እየገባ እየወጣ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ የእኛ ሰፈር አባቶችና እናቶች ደግሞ ብዙዎቹ በጽዳት፣ በጥበቃና በማሸግ ሥራ እንደዚያ ነበር የሚሠሩት።

ይህ ለውጥ ለብቻው ቆሞ «በሩን እናጥብበው ወይስ አናጥብበው?» ተብሎ አይደለም ድምፅ የተሰጠበት። ብዙ ማሻሻያዎች በአንድ ጥቅል ታስረው ነው የቀረቡት። ከ1985 ጀምሮ «ሖክ ሀሄስዴሪም» የሚባለው ሕግ ከበጀት ጋር የሚያልፈውም በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው። ጥቅሉን የሚቃወም አባል በጀቱን እንደተቃወመ ይቆጠርበታል። ያኔ በክኔሴት ከማኅበረሰባችን የተመረጠ ሰውም አልነበረም። የመጀመሪያው፣ አዲሱ መሰለ፣ በ1996 ገብቶ በ1999 ወጥቷል።

ማራዘም ማለት ምን ማለት ነው

የሥራ አጥ ክፍያ «ይራዘም» ሲባል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቋሚውን ሕግ መለወጥ ነው። ሁለተኛው «ሆራአት ሻዓ» ነው፤ እኔ ቀን የተቆረጠለት ሕግ እለዋለሁ። ሕጉ ይወጣል፣ መጨረሻው ላይ ቀን ይጻፍበታል፣ ቀኑ ሲደርስ በራሱ ጊዜ ይሞታል። ማንም ሊሰርዘው አያስፈልግም። በሕይወት እንዲቆይ ነው ድምፅ የሚያስፈልገው።

መንግሥት ሲያቀርበው አካሄዱ እንዲህ ነው። የሕጉ ረቂቅ በይፋ ይወጣና ማንኛውም ሰው አስተያየት እንዲጽፍበት ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ በሚኒስትሮች ኮሚቴ ያልፋል፣ በክኔሴት ጉባኤ የመጀመሪያ ንባብ ይደረግለታል፣ ወደ ሥራና ደኅንነት ጉዳዮች ኮሚቴ ይሄዳል። ቃል በቃል፣ ቁጥር በቁጥር የሚታየው እዚያ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ንባብ ካለፈ በኋላ ተፈርሞ «ሬሹሞት» ላይ ይታተማል።

አንድ የክኔሴት አባል በራሱ ሲያቀርበው መንገዱ ይረዝማል። ረቂቁ ከተቀመጠ በኋላ በደንቡ 45 ቀን ይጠብቃል፤ ከመጀመሪያው ንባብ በፊትም የቅድሚያ ንባብ አለው። ከዚያ በላይ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ሕግ ከሆነና መንግሥት ካልተስማማበት፣ ለማለፍ ቢያንስ 50 የክኔሴት አባላት መደገፍ አለባቸው። ከ120 አባላት ውስጥ 50ን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከመንግሥት ፍላጎት ውጭ አዳራሽ ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው። የሥራ አጥ ክፍያን ማራዘም ደግሞ ሁልጊዜ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ በተግባር የገንዘብ ሚኒስቴር ያልፈለገው ማራዘም እምብዛም አያልፍም።

በአሽቀሎን ያልተራዘመው ሕግ

ማራዘም ሁልጊዜ ደግ ነገር አይደለም። ይህን የተማርኩት ከራሳችን ከተማ ነው። በኦገስት 2005 መንግሥት «መሃሌቭ» የሚባል ፕሮግራም በአራት አካባቢዎች ለሙከራ ጀመረ፤ በኢየሩሳሌም፣ በናዝሬት፣ በሐዴራና በአሽቀሎን። ሰዉ «የዊስኮንሲን ፕሮግራም» ይለው ነበር፤ ሐሳቡ ከአሜሪካ ስለመጣ። የሚመለከተው ሀቭታሐት ሀክናሳ የሚቀበሉትን ነው። ክፍያው እንዲቀጥል ሰውየው በሳምንት ከ30 እስከ 40 ሰዓት ወደ ማዕከሉ መሄድ ነበረበት። ማዕከሎቹን የያዙት የግል ኩባንያዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ውል ትርፋቸው መንግሥት ከክፍያ ከሚያድነው ገንዘብ ጋር የተያያዘ ነበር። «ሰው ሳይሠራ ገንዘብ ከለመደ» የሚለው የ1950ዎቹ ክርክር አዲስ ልብስ ለብሶ መጣ ማለት ነው።

ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እትዬ ጠዋት ጠዋት ምሳቸውን ቋጥረው ሲወጡ አስታውሳለሁ። ሰፈር ውስጥ አስተያየቱ አንድ አልነበረም። «ቢያንስ ከቤት ወጣን፣ ዕብራይስጥ ተማርን» የሚል ነበር። «በስተርጅና እንደ ተማሪ ስማችን ይጠራል» የሚልም ነበር። ስሙ በ2007 «ኦሮት ለታዓሱካ» ተባለ፣ ሕጉም ተሻሻለ። ግን ቀን የተቆረጠለት ሕግ ነበር። በኤፕሪል 2010 ቀኑ ሲደርስ የገንዘብ ሚኒስቴር እንዲቀጥልና እንዲሰፋ ፈለገ። በሐይም ካትስ የሚመራው የሥራና ደኅንነት ኮሚቴ ግን ለማራዘም እምቢ አለ። ካትስ የገዢው የሊኩድ ፓርቲ ሰው ነበሩ። ወሩ ሲያልቅ ፕሮግራሙም አለቀ።

ፕሮግራሙ መጥፎ ነበር ወይስ ጥሩ የሚለውን ለእናንተ እተወዋለሁ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በአሽቀሎን ሰዎችን ለአምስት ዓመት ያመላለሰ ነገር አንድ የኮሚቴ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ በተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ድምፅ ቆመ። እኛ ሰፈር ሰዉ የሰማው ካለቀ በኋላ ነው። «ቀረ» ተባለ። ማን አስቀረው፣ ለምን፣ ማንም አልጠየቀም።

አገሩ ሁሉ ሥራ ሲያጣ

በማርች 2020 ኮሮና መጣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሥራ አገልግሎቱ የተመዘገበው ሰው ከአንድ ሚሊዮን አለፈ፤ አብዛኛው «ሐላት» የወጣ፣ ማለትም ያለ ደመወዝ እረፍት የተላከ ነው። ከዚያ ለዘመናት አይነኬ የነበሩት ቁጥሮች ሁሉ ተነኩ። ቀናቸው ያለቀባቸው ሰዎች ክፍያ ተራዘመ፤ መጀመሪያ በጥቂት ሳምንት በጥቂት ሳምንት፣ በጁላይ 2020 መጨረሻ ደግሞ በክኔሴት በወጣ ሆራአት ሻዓ እስከ ጁን 30 ቀን 2021። የመግቢያው በር ከአስራ ሁለት ወር ወደ ስድስት ወር ወረደ። ከ67 ዓመት በላይ ሆነው ሥራ ላጡም በወር እስከ 4,000 ሼቄል የሚደርስ ድጎማ ተፈቀደ።

አባቴን አሰብኩ። በ2003 የማይቻል የነበረው በር 2020 ላይ ተከፈተ፤ ሥራ ያጣው ጎረቤት ብቻ ሳይሆን አብራሪው፣ ዘፋኙ፣ የሆቴል ሥራ አስኪያጁ ጭምር ስለነበር ነው። ያኔ ማንም ማንንም «ሥራ ፈት» አላለም።

ግን ሕጉ ላይ ቀን ነበረበት። የአገሪቱ የሥራ አጥ መቶኛ ሲወርድ ክፍያው ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስም ተጽፎ ነበር። «የአገሪቱ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት፤ የአሽቀሎን አይደለም። በሜይ 2021 ከተማችን ላይ ሮኬት ዘነበ፤ ሰው ሞተ፣ ሱቆችና ፋብሪካዎች ተዘጉ። ጁን 30 ግን በአሽቀሎንም በቴል አቪቭም እኩል ቀን ደረሰ። ከዚያ በኋላ ማራዘሙ ለጥቂት ወራት የቀጠለው በዋናነት 45 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ነው። ወጣቶቹ ወደ ቋሚው ሕግ፣ ወደ 50 እና 67 ቀናቸው ተመለሱ።

በኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ታሪኩ እንደገና ተደገመ። አሽቀሎን ውስጥ ብዙ አሮጌ ሕንጻዎች ማማድ የላቸውም፤ ልጆች ትምህርት ቤት አልሄዱም፤ እናት ልጆቿን ሚክላት ውስጥ ትታ ወደ ጽዳት ሥራ አትሄድም። በቋሚው ሕግ ሐላት የሚታወቀው ከ30 ቀን ጀምሮ ነው። በኖቬምበር 2023 ክኔሴት ባወጣው ጊዜያዊ ሕግ ይህ ወደ 14 ቀን ወረደ፣ በሩ እንደገና ስድስት ወር ሆነ፣ አምስቱ የመጠበቂያ ቀናት ተነሱ፤ ሕጉም ወደ ኋላ ተመልሶ ከጦርነቱ መጀመሪያ አንሥቶ እንዲሠራ ተደረገ። ጥሩ ነው። ግን በኦክቶበር 7 እና ሕጉ በወጣበት ቀን መካከል ሳምንታት አሉ። በእነዚያ ሳምንታት የቤት ኪራይ መክፈያ ቀን አልፏል። ገንዘብ ያለው ሰው «ወደ ኋላ ይከፈላል» ሲባል ይጠብቃል፤ የሌለው ይበደራል።

ከዚህ ምን እንይዛለን?

በአባቶቻችን አገር አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ የተጣላውም የሚሄደውም ባለበት ይቆም ነበር። ሕግ ከላይ የመጣ፣ የማይነካ ነገር ነበር። ወላጆቻችን ያንን ክብር ይዘው መጥተው ነው የቢሮ ደብዳቤ ፊት የቆሙት። «አይገባህም» የሚለውን ወረቀት እንደ ፍርድ ተቀበሉት። እዚህ ግን ሕግ ይራዘማል፣ ያጥራል፣ ይጠባል፣ በቀኑ ይሞታል። ይህን ማወቅ ሕግን መናቅ አይደለም፤ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ስለ ማንኛውም ጊዜያዊ ሕግ ስትሰሙ መጀመሪያ ማለቂያ ቀኑን ፈልጉ። ክርክሩ የሚጀመረው ከዚያ ቀን በፊት ባሉት ሳምንታት ነው፤ ካለቀ በኋላ ማልቀስ ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ የኮሚቴው ስብሰባዎች ፕሮቶኮል ለሁሉም ክፍት ነው፤ ተገኝቶ ለመናገርም መጠየቅ ይቻላል። እኔ ባነበብኳቸው ገጾች የፋብሪካ ባለቤቶች፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ የሚኒስቴር ሰዎች ይናገራሉ። በማሸጊያ ቤት ስምንት ወር የሠራ ሰው ድምፅ ግን አላገኘሁም። ሦስተኛ፣ «አይገባህም» የሚል ደብዳቤ ቤታችሁ ከመጣ፣ ወደ ሥራ ፍርድ ቤት ለመሄድ አስራ ሁለት ወር ጊዜ አለ። መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት።

ሴሚናሩን ጨርሼ ያገኘሁትን ለአባቴ በአማርኛ አስረዳሁት። 180 እና 360 የሚሉትን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየውና «ታዲያ በዓመት ነው ያመለጠኝ?» አለ። «አዎ አባ፣ በዓመት።» ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። ከዚያ ስለ ድሮው ምንም አላለም። «ያንተስ ስንት ቀን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስልሳ ሰባት አልኩት። «ያንስሃል» አለኝ። «ሄደህ ንገራቸው።»